ፉንግ ዪውታክና የባለ አንድ ጫማው መጨረሻ

ሽታው የኮምጣጤ ነበር። በሆንግ ኮንግ ሻም ሹይ ፖ ሰፈር፣ አዝራርና ጨርቅ ሻጮች ከተደረደሩበት መንገድ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃውን ወጥቶ ትንፋሹን ያልሰበሰበን እንግዳ ገና በር ሳያንኳኳ የሚቀበለው ይኸው ስለታም፣ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ነበር። ዘመኑ እንግሊዛዊው አገረ ገዥ ሻንጣውን ሊሸክፍ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ ያ ሽታ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በእኛ ዘንድ ከአንድ ቤት ለሳምንታት የሚወጣ የኮምጣጤ ሽታ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ቤት አራስ አለች። የአሳማ እግርና ዝንጅብል ከእንቁላል ጋር በጥቁር ኮምጣጤ ሲንተከተክ ሰንብቶ ለአራሷ ጉልበት ይሆናታል፤ ለጎረቤትም በየሳህኑ ይታደላል። ስለዚህ ከፊት ለፊት በር የምትኖረው እትዬ ኬይ እንደ ጨዋ ጎረቤት አንድ ሳምንት ጠበቀች። ሁለተኛውንም ጠበቀች። ሳህኑ አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ምራቅ መዋጥ ሰልችቷት የእነ ፉንግን በር አንኳኳች። የከፈተችላት የፉንግ ሚስት ሳውፎንግ ነበረች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ሳውፎንግ። እኛ ግን ምን አጠፋን?»

«ምን ሆናችሁ፣ እትዬ ኬይ?»

«ይሄን ሁሉ ቀን እየሸተተን፣ አንዲት ሳህን እንኳ እንዴት ይጠፋል? እኔ እንኳ ለሆዴ አይደለም። ለወጉ ነው።»

«የምን ሳህን?»

«የአራስ ኮምጣጤ ነዋ። ማነው የወለደው?»

ሳውፎንግ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ልጅ አልነበራትም፤ ይህንንም ፎቁ በሙሉ ያውቃል።

«ማንም አልወለደም» አለች።

«ታዲያ ይሄ የሚሸተው ማነው?»

ሳውፎንግ ዞር ብላ ወደ አልጋዋ ስር ተመለከተች።

«ባሌ» አለች።

ባሏ ፉንግ ዪውታክ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ በሥራው ማንም ቅሬታ አቅርቦበት የማያውቅ ሰው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌሎችን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ ይውላል፤ ማታ ወደ አንድ ክፍል ቤቱ ይመለሳል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ሚስቱ ናት፤ ሁለተኛው አሮጌ የኩንግ ፉ ፊልም ነው። ቦታ ሲጣበብ ማን ለማን እንደሚለቅ ለመናገር ነገሩን ያየ ሁሉ ያፍራል። የፊልሙ ክብ ክብ ቆርቆሮዎች ከአልጋው ስር ነበሩ፤ ከቁም ሣጥኑ በላይ ነበሩ፤ ከምድጃው ጎን ነበሩ። የሳውፎንግ የክረምት ልብስ ግን በዘመድ ቤት በእንግድነት ይኖር ነበር።

ልብ አድርጉ፤ ስለ ቪዲዮ ካሴት አይደለም የማወራው። ካሴትማ ማንም ተራ ሰው ይገዛል። ፉንግ የሚሰበስበው ሲኒማ ቤት ውስጥ የዞረውን ፊልሙን ራሱን ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ዞሮ ሲያበቃ በመጥረቢያ ይከተከት ነበር፤ ወይም ባሕር ይጣል ነበር፤ ወይም ሳይደርሱበት የቀረው ከቁራሌው ክምር ስር ይገኝ ነበር። ፉንግ ከዚያ ክምር ያወጣዋል። ሌላው ሰው በእሑድ ጧት ሻይ ቤት ሄዶ በእንፋሎት የበሰለ ሽሪምፕ ሲያዝ፣ እሱ ቆሻሻ ይምሳል። ደስታ መልኩ ብዙ ነው።

ፊልሙም ቢሆን ማንኛውም ፊልም አይደለም። ባለ ሐር ቀሚስ ጎራዴኞች በጣሪያ ላይ የሚበሩበትን፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሠሩትን ንጹሕ ሥራ ይንቀው ነበር። የእሱ ፍቅር ከከተማ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ፣ በሁለት ሳምንት፣ በሚያስለቅስ በጀት የተቀረጸው ነው። የጥንት ወታደር ከፊት ሲፎክር ከኋላው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሞ ያዳምጠዋል። ጀግናው ሊፈለሰፍ ሦስት መቶ ዓመት የቀረው የእጅ ሰዓት አስሯል። መጀመሪያ ላይ የሞተው ሽፍታ ትንሽ ቆይቶ ጢም ለጥፎ ይመለስና ዳግመኛ ይሞታል። ቡጢው ያርፋል፤ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። ደሙ ቀለም የመሰለበት ጥሩ ፊልም ነው፤ ደሙ ደም የመሰለበት ደግሞ የቀለም መግዣው ያለቀበት ነው፤ ይኸኛው ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ፍቅር ለብቻ አይያዝምና ማኅበር ነበረን። ስማችን «የቅዳሜ ወንድሞች» ሲሆን የምንሰበሰበው እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ዶክተር ቾይ ጥርስ ይነቅላል። ዶክተር ቾይ የማኅበሩ ሊቅ፣ ፊልሞቹን በማቀዝቀዣ ክፍል የሚያኖር፣ ስለ ሌላው ሰው ፊልም አስተያየት ሳይሰጥ ያደረ እንደሆን የሚታመም ሰው ነበር። ሌላው ወፍራሙ ሁይ ነው። ድሮ በሲኒማ ቤት ማሳያ ማሽን ላይ ሲሠራ ወፍራም ነበር፤ ታሞ ከተነሣ በኋላ ሩዝ የምንበላበትን ቀጭን እንጨት አከለ፤ ስሙን ለመለወጥ ግን ማን ጊዜ አለው? ከዚያ ፉንግ፣ ከዚያ እኔ። እኔን የያዙኝ ሳን ፖ ኮንግ ሰፈር ውስጥ ጃንጥላ የምጠግንበት ሰፊ ክፍል ስላለኝ ነው። ማሳያ ማሽኑ እዚያ ቆሟል። ሻይም እኔ ነኝ የማፈላው።

የማኅበሩ ሃይማኖት ጭረት ነው። አንድ ፊልም ሲታይ ከላይ እስከ ታች ዝናብ የዘነበበት ከመሰለ ይከበራል። ቀለሙ ረግፎ ቀዩ ብቻ ከቀረ ደግሞ ማንም ሳያዘው ሁሉም ባርኔጣውን ያወልቃል። አንድ ጊዜ አንድ ኩባንያ ከነዚህ ፊልሞች አንዱን አጽድቶ፣ ቀለሙን መልሶ፣ በሚያብረቀርቅ ዲስክ አወጣው። ዶክተር ቾይ አምጥቶ አሳየን።

«ፊቱን በሳሙና አጥበውታል» አለ ዶክተር ቾይ ሲያልቅ፣ ስለ ሬሳ እንደሚያወራ።

«ዓይኑን እንኳ አላወቅሁትም» አለ ወፍራሙ ሁይ።

ከሁላችንም ይበልጥ ያዘነው ፉንግ ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ሳይመጡ ለብቻችን ሳለን ጠየቅሁት።

«ፉንግ፣ እውነቱን ንገረኝ። በዚህ ጉድፍ ውስጥ ምን ይታይሃል?»

ቀልድ መስሎት መጀመሪያ ፊቴን አየው። ከዚያ ሻዩን አስቀመጠ።

«በሌላው ፊልም ሰው ሲመታ የምታየው ትወናውን ነው» አለ። «በእነዚህ ግን የወደቀው በእውነት ወድቋል። ፍራሽ አልነበራቸውም። ተነሥቶ ሲያነክስ አይተኸዋል? እሱን ማንም አላዘዘውም። አባቴ ከቀርከሃ መወጣጫ ወድቆ ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ልክ እንደዚያ ነበር የሚራመደው። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ይህ አይታይም። ሲያጸዱት ማነከሱ ራሱ የተለማመዱት ይመስላል።»

እንደዚያ ያለ ነገር ከአፉ መውጣቱ ብርቅ ስለነበር ጻፍኩት እንጂ፣ በቀረው ጊዜ ፉንግ የሚያወራው ስለ አንድ ፊልም ብቻ ነው።

ይኸውም «የጨው ወደቡ ባለ አንድ ጫማ» ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። የአንድን ወዛደር አባት አንድ የጨው ነጋዴ ይገድልበታል፤ ነጋዴው የሟቹን አንድ ጫማ እንደ ምርኮ ይወስዳል። ልጁ የቀረውን አንድ ጫማ አጥልቆ፣ በአንድ እግሩ ባዶ፣ እስኪበቀል ድረስ ይንከራተታል። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወረደ። ፉንግ ያየው ገና ሳውፎንግን ሊያገባ ሲያጫት፣ ከእሷ ጋር ገብቶ ነው። ከዓመታት በኋላ ከቁራሌ ክምር ውስጥ ሙሉውን አገኘ። እስከምናውቀው በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የለውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፉንግ ዪውታክ አሳንሰር ጠጋኝ መሆኑ ቀረ፤ የባለ አንድ ጫማው ባለቤት ሆነ። በሆንግ ኮንግ ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ ሲነሣ ሰው በወንበሩ ላይ ይስተካከል ነበር።

ክርክሩ ግን ስለ መጨረሻው ነበር። ፉንግ በገዛ ዓይኑ እንዳየው፣ ባለ አንድ ጫማው በባዶ እግሩ በአንዲት ምት ነጋዴውን ይጥለዋል፤ ራሱም በቁስሉ ቆሞ እያለ ይሞታል፤ ቆሞ። ይህን ሲናገር ፉንግም ይቆም ነበር። ዶክተር ቾይ በበኩሉ በቀረጻው ላይ መብራት ይይዝ ከነበረ ሰው እንደሰማው፣ ነጋዴው ያሸንፋል፤ ልጁንም በጨው ክምር ውስጥ ይቀብረዋል። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ተከራከሩ። ቆርቆሮውን ከፍቶ ማየት ነበር፤ ፉንግ ግን በጄ አላለም።

«አንድ ጊዜ በታየ ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳል» ይላል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይለዋል ዶክተር ቾይ። «የመጨረሻው ጥቅል እንዳለህስ በምን እናውቃለን?»

«አለኝ።»

«አየኸው?»

«አልከፍተውም አልኩህ እኮ። አለኝ።»

በእርግጥም አልከፈተውም። በእኛ አገር ጸደይ ሲገባ ግድግዳ ያለቅሳል፤ ጫማ በአንድ ሳምንት ይሻግታል። ፉንግ ይህን እርጥበት ስለፈራ ስድስቱንም ቆርቆሮ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቀለለ። በፕላስተሩ ላይ ደግሞ ሻማ አቅልጦ አፈሰሰበት። ነፋስ እንኳ እንዳይገባው አሽጎ በአልጋው ስር፣ ልክ በራሱ ትይዩ አስቀመጠው። እናት ለልጇ እንዲህ አታደርግም።

ሽታው ሲጀምር ሳውፎንግ ነግራው ነበር።

«ከአልጋው ስር ነው» አለችው።

«ፍሳሹ ነው» አላት።

«ጎንበስ ብለህ አሽትተው።»

«ሳውፎንግ፣ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመቴ ነው? ታች ያለው ሰናፍጭ ቅጠል የሚዘፈዝፈው ሰውዬ ነው።»

ከሳምንታት በኋላ እትዬ ኬይ ሳህኗን ፍለጋ ስትመጣ ግን ነገሩ የሰፈር ሆነ። ሰው ምን ይላል ከተባለ ፉንግም ይጎነበሳል። ሻማውን በቢላዋ ፋቀ፣ ፕላስተሩን ላጠ፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ክዳን አነሣ። ሳውፎንግ እንደነገረችኝ ያኔ የቤቱ መስኮት ሁሉ ተከፍቶም አልበቃም።

በማግሥቱ ወፍራሙ ሁይን ይዤ ሄድኩ። ሁይ ከፊልሙ ጫፍ አንዲት ስንዝር ወደ ብርሃን አነሣ። አሸተተ፤ ዓይኑን ጠረገ።

«ታሟል» አለ።

«ምን ታሟል?» አለ ፉንግ።

«ኮምጣጤው ከራሱ ነው የሚወጣው፣ ወንድሜ። ፊልም ሲያረጅ ይተነፍሰዋል። አየር ካገኘ ይበናል። ካላገኘ በገዛ ትንፋሹ ይበስላል። እንዲህ አድርጎ ያሸገው ማነው?»

ፉንግ የተፋቀውን ሻማ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ።

«እኔ» አለ።

«በደንብ አሽገኸዋል» አለ ሁይ፤ በቅንነት ነበር ያለው። «ጠላት ቢያሽገው እንዲህ አያሳምረውም። ደግሞ ይጋባል። ዛሬ ነገ ሳትል ከሌሎቹ ለየው፤ ካልሆነ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። ከቤት ይውጣ።»

«ይሄዳል? ማሽን ላይ ቢጫን?» አለ ፉንግ።

ሁይ ከጠርዙ ያሉትን ቀዳዳዎች በጥፍሩ ለካ። «ተኮማትሯል። ቀዳዳውና የማሽኑ ጥርስ አይገናኙም። አንድ ጊዜ ግን በግድ አስኬደዋለሁ፤ ምናልባት። ሁለተኛ የለም።»

እንግዲህ የቀረው አንድ ጊዜ ነው። በዚያች አንድ ጊዜ መጨረሻው ከታየ ፉንግ እውነተኛ ይሆናል፤ ካልታየ አሥራ ስምንት ዓመት ያስከበረው ስም እንደ ፊልሙ ይቦንናል። ምግብ እንቢ አለው። አሳንሰር ውስጥ ቆሞ ለብቻው ሲያወራ አዩት። ለዶክተር ቾይ ራሱ ስልክ ደውሎ «እሑድ ና፣ ታያለህ» አለው። ዶክተር ቾይም የሕፃን ደስታ በድምፁ ውስጥ ደብቆ «እንደምንም ጊዜ አገኛለሁ» ሲል መለሰለት።

ቅዳሜ ዕለት ቆርቆሮዎቹን በጨርቅ ስንጠቀልል ሳውፎንግ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታየናለች።

«እኔም ልምጣ?» አለች።

«የት?» አለ ፉንግ።

«ፊልሙን ላየው።»

«ምን ያደርግልሻል? ይሰለችሻል።»

«ይስልቸኝ።»

«ወንበር የለም።»

«ከላዩ ተኝቼ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ» አለች ሳውፎንግ፤ «ቆሜ ማየት አያቅተኝም።»

ፉንግ መልስ ፈልጎ እኔን አየኝ። ወንበር እንዳለኝ ተናገርኩ። እሱ ለዚህ አላመሰገነኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በጃንጥላ ጨርቅ ጋረድኳቸው። ሳውፎንግ አንድ ካርቶን የእንቁላል ኬክና አንድ ከረጢት የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ይዛ መጣች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ወፍራሙ ሁይ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሲከፍት ሁላችንም አለቀስን፤ ከኀዘን ነው ብለን ብንናገር የሚያምን ይኖር ነበር። ዶክተር ቾይ ከኪሱ የክሊኒኩን የአፍ መሸፈኛ አውጥቶ አጠለቀና ከዚያ በላይ ባሉት ዓይኖቹ በርኅራኄ ተመለከተን።

ማሽኑ ተንጫጫ። ፊልሙ እየተንገጫገጨ ሄደ፤ ግን ሄደ።

ምን ልበላችሁ? ያማረ ነበር። ከላይ እስከ ታች ይዘንባል። ቀለሙ አልቆ ሰማዩም ባሕሩም ጨዉም ሮዝ ሆኗል። ባለ አንድ ጫማው አባቱን ሲቀብር ከኋላ የጭነት መኪና አለፈ።

«መኪናው» አለ ዶክተር ቾይ በሹክሹክታ፣ ቅዱስ ነገር እንዳየ።

«ሰሌዳውን አይተኸዋል?» አለ ሁይ።

«ዝም በሉ» አለ ፉንግ፤ በደስታ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

አንዱ ሽፍታ ሦስት ጊዜ ሞተ። የነጋዴው ጢም በንግግሩ መካከል ተላቀቀ፤ እሱም ንግግሩን ሳያቋርጥ መልሶ ለጠፈው። እዚህ ላይ ሳውፎንግ ሳቀች። ሦስት ራሶች ዞረው አዩዋት። በማኅበራችን ሥርዓት ጢም ሲወድቅ ይቃተታል እንጂ አይሳቅም። እሷም ፍሬዋን መፈልፈል ቀጠለች።

ስድስተኛው ጥቅል ሲወጣ ሁይ ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ቆመ። ጠርዙ እንደ ደረቀ ጎመን ቅጠል ተጠማዟል። «ከሁሉም ይህ ብሷል» አለ። ፉንግ «አስኪደው» አለው።

ፍልሚያው ጨው መጫኛው ወደብ ላይ ነው። መጀመሪያ በወግ ይመታታሉ። ከዚያ ግን ሁለቱም ተዋንያን በእውነት መድከም ጀመሩ፤ ፀሐዩ ከባድ እንደነበር ያስታውቃል። እግር ለማንሣት ጉልበት አጡ። አንዱ ይሰነዝርና ስቶ በገዛ ክንዱ ክብደት ይንገዳገዳል፤ ሌላው ለመሸሽ አቅም አጥቶ እዚያው ይቆማል። ትንፋሻቸው የሚሰማ ይመስል ነበር። ባለ አንድ ጫማው በባዶ እግሩ ጨው ላይ ሲቆም ፊቱ የተጨማደደው ትወና አልነበረም። ፉንግ ከወንበሩ ተነሥቷል። ባለ አንድ ጫማው እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ማሽኑ ጮኸ። ሥዕሉ ዘለለ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ። በባለ አንድ ጫማው ደረት ላይ ቡናማ ነገር አረፋ አወጣና ወደ ፊቱ ተስፋፋ። ሁይ ሮጦ መብራቱን አጠፋ። የማሽኑን ክዳን ከፍቶ በባትሪ ሲያይ የቀረው የፊልሙ ጥቅል እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጡብ ሆኖ ነበር። ጫፉን ሲይዘው በእጁ ላይ ተሰባበረ።

«አለቀ» አለ ሁይ።

«ቀስ ብለህ ብትለየው» አለ ፉንግ።

«የሚለይ ነገር የለም፣ ወንድሜ።»

መብራት አበራሁ። ማንም ማንንም አላየም። ዶክተር ቾይ መሸፈኛውን አወለቀ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም» አለ። «ስለዚህ እኔ ያልኩት ሊሆን ይችላል።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ ፉንግ። ድምፁ ግን ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር። «እግሩን ሲስብ አላያችሁም? ይመታዋል። ከዚያ ቆሞ ይሞታል።»

«እግሩን የሳበ ሁሉ አይመታም።»

«ተቀመጡ» አለች ሳውፎንግ።

እንድንቀመጥ ያዘዘችን መስሎን እኔና ሁይ ወንበር ሳብን። እሷ ግን ባዶውን መጋረጃ ነበር የምታየው።

«ሁለቱም ተቀመጡ» አለች። «እግሩን ሳበና ሊመታው አቃተው፤ ደክሞታል። ያኛውም ደክሞታል። የጨው ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቆይቶ ነጋዴው የአባትየውን ጫማ ከጉያው አውጥቶ ሰጠው። ልጁ ሊያጠልቀው ሞከረ፤ ባዶው እግሩ ግን አብጦ ጠበበው። ከዚያ ‹ተፈጸመ› የሚል ጽሑፍ መጣ። ሰዉ ተናዶ ወንበር ሰበረ።»

ሁይ በእጁ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራገፈ።

«እትዬ» አለ ወፍራሙ ሁይ በለሆሳስ፣ «እንዲህ ያለ መጨረሻ የለም።»

«አየሁት እኮ።»

«የበቀል ፊልም ሕግ አለው» አለ ዶክተር ቾይ፣ ጥርሱ ለተነቀለ ሕፃን በሚያወራበት ድምፅ። «ወይ በቀለኛው ይገድላል፣ ወይ ይገደላል። መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ምናልባት ከሌላ ፊልም ጋር ተቀላቅሎብሽ ይሆናል።»

«ከምን ጋር ይቀላቀልብኛል?» አለች ሳውፎንግ። «ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤት ወስዶኝ አያውቅም።»

ሁላችንም ፉንግን አየነው። እሷም ወደ እሱ ዞረች።

«ንገራቸው እንጂ» አለችው። «ወይስ አንተ መጨረሻውን አላየኸውም? ከሰገነት አንዱ የፍሬ ልጣጭ ራስህ ላይ ተፋብህና ልትደበድበው ወደ ላይ ወጣህ። ስትመለስ መብራት በርቷል። የሚደማ አፍንጫህን በመሐረቤ ጠረግሁልህ። ‹ማን አሸነፈ?› ብለህ ስትጠይቀኝ ያንተን ድብድብ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ‹ሰውዬው› አልኩህ።»

ሁይ ሊስቅ ነበር፤ የፉንግን ፊት አይቶ ተወው።

እኔ ያን ሰዓት ያሰብኩትን ዛሬም አስበዋለሁ። እኛ አራታችን የአንድ ስንዝር ፊልም ወሬ ከሰማን በአይጥ መካከል በደረታችን የምንሳብ ሰዎች ነበርን። የዚያ ፊልም መጨረሻ በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቅጂ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ በጃንጥላ ጠጋኙ ወንበር ላይ፣ የሐብሐብ ፍሬ ይፈለፍል ነበር። ጭረት የለው፣ አልተኮማተረም። ፉንግ «እውነቷን ነው» ቢል የራሱ ወሬ ይፈርሳል፤ ፊልሙ ግን ከነመጨረሻው ይተርፋል። በጉጉት ጠበቅሁት። ፊልሙን እወዳለሁ ሲል ስሰማው ነበራ የኖርኩት።

ፉንግ የተሰባበረውን ጡብ ከማሽኑ ላይ አነሣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሚስቱ ሳይሆን ወደ ዶክተር ቾይ አቀና።

«ዶክተር ያለው ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ነጋዴው ነው የሚያሸንፈው። አሁን ሳስበው ጨዉ ሲናድ ትዝ ይለኛል።»

«አላልኩህም?» አለ ዶክተር ቾይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የቋጠረውን ትንፋሽ በቀስታ እየለቀቀ።

«እሷ ያኔ እንቅልፍ ወስዷት ነበር» አለ ፉንግ።

ዶክተር ቾይ ይህን ያህል ለጋስ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ በገዛ እጁ ለፉንግ ሻይ ቀዳለት። ሁይም ወንበሩን አስጠጋ። ጨዉ ከላይ ነው የሚናደው ወይስ ከጎን፣ ልጁ ሲቀበር እጁ ውጭ ይቀራል ወይስ አይቀርም፣ የሚል አዲስ ክርክር ተነሣ። ፉንግ ጫማ ያላጠለቀው የልጁ እግር ውጭ መቅረት እንዳለበት አጥብቆ ተናገረ፤ ዶክተር ቾይ ይህን ወደደው።

ሳውፎንግ የፍሬውን ልጣጭ ከጭኗ ላይ ወደ መዳፏ ጠረገች። ካርቶኑ ውስጥ የቀሩትን ሁለት የእንቁላል ኬኮች አየች፤ ለእኛ ተወቻቸው። ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ በሩን ከፈተች፣ ማንንም ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።